የሰሜን ሰዎች ወግ

«የስዊድኖች ወግ በሥዕል ያለበት መጽሐፍ እዚህ አለ አሉኝ። ልጄ እዚያ ናት» አሉኝ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የገቡ ነጠላ የለበሱ እናት።

«ልትዳር ነው? እንኳን ደስ ያለዎት እማማ!» አልኩና የመቶ ሃምሳ ዓመቱን መጽሐፍ ከመስታወት ሣጥኑ አወጣሁላቸው። ዘውድ የደፋችውን ሙሽራ፣ በበረዶ ላይ የሚጎተተውን ጋሪ አሳየኋቸው።

«ሲቀብሩስ?» አሉ።

እጄ ገጹ ላይ ቀረ።

«ዛሬ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ይቀብሯታል። እኔ አልደርስም። እንዴት እንደሚሸኟት እንኳ ልይ ብዬ ነው።»

ሥዕሉን ፈልጌ አገኘሁት። ጥቁር የለበሱ ሰዎች የሬሳ ሣጥን ከበው ቆመዋል። እናትየዋ እያንዳንዱን ፊት በጣታቸው ነኩ። መጽሐፉን መንካት ክልክል ነው፤ አልከለከልኳቸውም።

«የሚያለቅስ የለም እንዴ?»

«እንጃ እማማ፤ ሥዕሉ ላይ የለም።»

«አንድም ሰው?»

የግድግዳውን ሰዓት አዩ። ዘጠኝ ሊሆን ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል። ተነሡና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አሰሩ፤ «ጸጥታ ይከበር» ከሚለው ማስታወቂያ ሥር ቆሙ።

«ትርንጎ! ትርንጎዬ! ልጄን!»

አንባቢዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። የጥበቃው ኮቴ በኮሪደሩ ሲቀርብ ሰማሁ።

ሄጄ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩት።