ባለ ትሉ ጎመን

ሱቁ የአጎቷ ነው፤ የምታስተዳድረው ግን እሷ ናት። የነቀዘ እህልም ሆነ የጠወለገ ቅጠል ከዓይኗ ስለማያመልጥ ሠራተኞቹ በሌለችበት «አይነቅዜ» ይሏታል። አጎትየው የአትክልቱን ጥግ አንስተው የስልክ ሽፋን መሸጫ ሊያደርጉት ካሰቡ ሰነባብተዋል።

«የስልክ ሽፋን አይጠወልግ፣ አይሸት» ይላሉ።

«አጎቴ፣ እስቲ ይታገሡኝ። ሰው አሁን የሚፈልገው ማዳበሪያና መድኃኒት ያልነካው፣ እዚሁ አጠገባችን የበቀለ ነገር ነው።»

«እሺ፣ አንድ መደርደሪያ እሰጥሻለሁ። ካልሆነ ግን ጥጉን እረሺው።»

አይነቅዜ ከከተማው ዳር «እኔ መድኃኒት አልረጭም» ያሏትን አንድ ባለባርኔጣ ሽማግሌ አገኘች። ሽማግሌው ቁጥብ ሰው ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ጥቅል ጎመን በጋሪ ያመጣሉ፣ ሂሳባቸውን ይቀበላሉ፣ ይሄዳሉ። እሷም ከመደርደሪያው በላይ በአረንጓዴ ቀለም «ጎመን በጤና!» ብላ ጽፋ ሰቀለች።

ገና በመጀመሪያው ቀን አንዲት ድምፀ ጎርናና ደንበኛ የገዙትን ጎመን ይዘው ተመለሱ።

«ይሄ ምንድን ነው? ይሄዳል እኮ!»

ቅጠሉ ላይ አንድ አረንጓዴ ትል ሽርሽር ወጥቷል። ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። አጎትየው ደግሞ ክፉ አጋጣሚ ሆኖ በሩ ላይ ቆመዋል። አይነቅዜን ላብ አጠመቃት፤ አፏ ግን ከጭንቅላቷ ቀደመ።

«እንኳን ደስ አለዎት እማማ! መድኃኒት ቢነካው ኖሮ ይሄ ፍጡር በሕይወት ይገኝ ነበር? ትሉ እኮ ምስክር ነው!»

ሴትዮዋ ትሉን አዩት። ትሉም ቀና ብሎ አያቸው።

«እውነትሽን ነው ልጄ» አሉና ሌላ ጎመን ጨመሩ።

ከዚያ ወዲያ ትል የሌለው ጎመን ለጠላት ሆነ። «የኔው ሁለት አለው!» እያለ የሚኩራራም ተገኘ። ዋጋው የተራው ጎመን እጥፍ ነው፤ ሆኖም ረፋዱን አያልፍም። ገበያው ሲሟሟቅ የተራው ጎመን መደርደሪያም አብሮ ይራቆት ጀመር።

«በረከት ሲገባ እንዲህ ነው» አለች ገንዘብ ተቀባይዋ። አጎትየውም ስለ ስልክ ሽፋን ማውራት ተዉ።

አንድ ሰኞ ግን ጎመኑ ጥርት ብሎ መጣ። ቢገልጡት፣ ቢያራግፉት፣ አንድም ትል የለም።

«ትሉ የታለ?» ብለው ጮኹ ድምፀ ጎርናናዋ ደንበኛ። «መድኃኒት ረጭታችሁበታል! ልትፈጁን ነው!»

ደንበኛው ሁሉ ጎመኑን እየወረወረ ወጣ። አጎትየው ሜትር አምጥተው ጥጉን ይለኩ ጀመር።

አይነቅዜ ወዲያው ጠረጠረች። ሽማግሌው ገበያውን ሲያዩ ምርቱ እንዲበዛላቸው መርዝ መርጨት ጀምረዋል ማለት ነው። «እጅ ከፍንጅ ካልያዝኳቸው!» ብላ ወደ ግቢያቸው ገሰገሰች።

ጓሮ ካለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ አገኘቻቸው። አፍና አፍንጫቸውን በጨርቅ ሸፍነዋል፤ እጃቸው ላይ መርጫ አለ።

«ያዝኩዎት ጋሼ! ቃልዎ ይሄ ነበር? እኔን አጎቴ ፊት አዋርደው፣ ሰውን መርዝ ሊያበሉ!»

«የምን መርዝ? ውሃ ነው ልጄ፣ ቅመሺው! ብርዱ ትሉን ፈጀብኝ እንጂ እኔ ምን በወጣኝ መርዝ እረጫለሁ?»

አይነቅዜ በጣቷ ነክታ ቀመሰች። እውነትም ውሃ ነው። ከላይዋ ላይ ድንጋይ የወረደላት ያህል ቀለላት፤ ሽማግሌውን በከንቱ በመጠርጠሯም አፈረች።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው። እስቲ ከመጣሁ አይቀር ማሳዎን ያሳዩኝ፤ ጎመኑን ልየውና ደስ ይበለኝ።»

«የምን ማሳ?» አሉ ሽማግሌው ግራ ተጋብተው። «ጎመኑንማ ባለቤቴ ከእናንተው ሱቅ ነው የምትገዛልኝ፤ እኔ የማረባው ትሉን ነው።»