እንቢ ያለው ምንሽር

ኪዳነወልድ ሱሉልታ ዋናው መንገድ ዳር የጥገና ሱቅ አለው። የማይነካው ዕቃ የለም። ሬዲዮው፣ ካውያው፣ የውሃ ፓምፑ፣ ሁሉም በየተራ ተፈታትቶ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ጎረቤቱ ባለሻይ ቤቷ ሐኒ የጁስ መፍጫዋን ካስረከበችው ሁለተኛ ፋሲካዋ ነው። በጠየቀችው ቁጥር "ነገ" ይላታል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ገበሬው ኦቦ ኢቲቻ በጋቢ የተጠቀለለ አሮጌ ምንሽር ይዘው ገቡ። የጥይቱ ማጉረሻ ዝጎ ተጣብቋል፤ ወደፊትም ወደኋላም አይልም።

"ይሄን ጠመንጃ እይልኝ" አሉ። "ደግሞ አትቸኩል።"

እሳቸው ሲወጡ ሐኒ ገባች። ኦቦ ኢቲቻ ከጎረቤታቸው ከኦቦ ሌንጮ ጋር ተጣልተዋል አለችው። አህያ ገብስ በልታ ነው አሉ፤ የማን አህያ እንደሆነች ግን አላጣራችም። ገበያ መሃል በጥይት ተዛዝተዋል፤ ሽማግሌ ቢላክም አልበረደም። ይህን ነግራው፣ መፍጫዋን ጠይቃ ወጣች።

ኪዳነወልድን ጭንቅ ያዘው። እጁ ግን አላረፈም። ነጭ ጋዝ አፈሰሰበት፣ ዝገቱን በጥርስ ብሩሽ ፈተገው፣ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያለ መታ መታ አደረገው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ማጉረሻው ቀጭ ብሎ ተከፈተ። በሱቁ ታሪክ ተጀምሮ ያለቀ የመጀመሪያው ሥራ ነበር። ለማን ይንገር? ቢናገር ኦቦ ሌንጮ መሞታቸው ነው።

ስለዚህ ዋሸ። ኦቦ ኢቲቻ በየጠዋቱ ወተት አስረክበው ሲመለሱ ጎራ ይላሉ።

"አካም ቡልቴ? ደህና አደርክ? ዛሬስ ተከፈተ?"

"እንቢ አለ፣ ኦቦ።"

ሽማግሌው በረጅሙ ይተነፍሱና ሻይ ጋብዘውት ይሄዳሉ። አንድ ቀን እንኳ አልተቆጡም። ይሄ ነው ኪዳነወልድን ያስፈራው። የሚጮህ ሰው አይገድልም፤ የሚገድለው ሻይ የሚጋብዝ ነው ይላል ለራሱ።

በሦስተኛው ሳምንት ሐኒ ለደንበኞቿ "ኪዳነወልድ የነካው ዕቃ ተዝካሩ ይወጣል" ስትል ሰማ። ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያን ቀን ምሳ አልበላም። ኩራቱና ኅሊናው ሲታገሉ ውለው በማግስቱ ጠዋት ኩራቱ ኅሊናውን ጣለው።

ኦቦ ኢቲቻ እንደመጡ ሐኒንና ሻይ ጠጪዎቿን በሙሉ ጠርቶ ምንሽሩን አወጣ። ማጉረሻውን በአንድ ጣቱ ሳበው፤ ቅቤ የጠጣ ይመስል ሸርተት አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

ኦቦ ኢቲቻ አላጨበጨቡም። ፊታቸው አመድ መስሎ በርጩማው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ኪዳነወልድን ያኔ ኅሊናው ወቀሰው። ጎንበስ ብሎ፣ "ኦቦ፣ ስለ ፈጣሪ ብለው ኦቦ ሌንጮን ይማሯቸው" አለ።

"ማን? እኔ?" አሉ ሽማግሌው። "ሱሉልታ በጠጋኝ ተሞልታ ሳለ አንተ ጋ ያመጣሁት ለምን መሰለህ? ጠመንጃው እኮ የሌንጮ ነው፤ ሳንጣላ በፊት አሠራልኝ ብሎ የሰጠኝ።"