የጉንጬ ደረት

ጉንጬ ሃምስተር ናት፤ ጭራዋን ረስታ የመጣች አይጥ በሏት። እፍኝ አትሞላም። ደረቷ ሲያፏጭ ግን ባቡር የደረሰ መስሎት ጎረቤት ሻንጣ ያነሣል።

ያሳደጋት አናጢ ነው። ቤቱ ውስጥ ጠዋት ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ወንበርና ጠረጴዛ ይሠራል። መላጊያውን ያነሣ ዕለት ብናኙ ግድግዳ አልፎ የመንገድ ውሻ ያስነጥሳል።

ስለዚህ ጉንጬ ሲር ሲር ማለት ስትጀምር ጥፋተኛ ለመፈለግ ማንም አልደከመም።

«ሰጋቱራህ ነው!» አለች ሚስቱ። «እንስሳዋን ልትገድልብኝ?»

«ኧረ ስትበላ እኔን ታስንቃለች! ዓይኗም ጥርት ያለ ነው።»

«ሐኪም ሆንክ ደግሞ?»

አማቱ ከጉንጬ ሽቦ ቤት አጠገብ፣ ሶፋው ላይ ሆነው ከንፈራቸውን መጠጡ። ጠይቄ ልመለስ ብለው መጥተው፣ ሶፋው የጀርባቸውን ቅርጽ እስኪይዝ የቆዩ የሚስቱ እናት ናቸው። የፊት ጥርሳቸው ወልቋል። ሻይ እፍ ባሉ ቁጥር በሚወጣው ፉጨት ሚስትየው ማንቆርቆሪያው ፈላ ብላ ወደ ማድቤት ትሮጣለች።

«እኔስ ሶፋው ይበቃኛል» አሉ። «ለዚች ምስኪን ብዬ እንጂ። ያ ክፍል ቢጸዳ ግን... አልጋም ያስገባል።»

የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰዷት። እዚያ ትንፍሽ አላለችም።

«ፈርታ ነው» አለች ሚስቱ።

ሐኪሙም «የእንጨት ብናኝ ለሳንባቸው ጠንቅ ነው፤ ነፋስም አይንካት» ብሎ ሸኛቸው። ከዚያ ወዲህ ሽቦ ቤቷ በወፍራም ጨርቅ ተሸፈነ።

አናጢው ያላደረገው የለም። የክፍሉን በር ስንጥቅ በጨርቅ ጠቀጠቀ። እንጨቱን ውኃ እያርከፈከፈ ላገ። ልብሱን በረንዳ ላይ አውልቆ በውስጥ ሱሪ መግባት ጀመረ፤ መንገደኛው ሁሉ ሰላምታ ለመደው። ጉንጬ ግን ባሰባት።

«በቃ!» አለች ሚስቱ አንድ ጠዋት። «ዛሬ ክፍሉን ትለቃለህ። ዕቃህን ይዘህ ጓሮ፣ ቆርቆሮው ሥር!»

ቆርቆሮው እንደ ወንፊት ያፈሳል። እዚያ የተሠራ ወንበር ሳይሸጥ ይጣመማል፤ አናጢውም ያለ እንጀራ ይቀራል። ጎንበስ ብሎ የጉንጬን ጨርቅ አስተካከለና ወጣ።

ከሰዓት ሲመለስ ወፍራም ኮቱን ለብሷል። ፀሐዩ ድንጋይ ይጠብሳል።

«በዚህ ሙቀት ኮት?»

«ብርድ ብርድ አለኝ።»

አልተቀመጠም። ከኮቱ የሱፍ ገለባ ረገፈ።

«ደግሞ ሌላ ቆሻሻ!» አለች ሚስቱ።

አናጢው የክፍሉን ቁልፍ አወጣ። «እሺ፣ ተሸንፌአለሁ። እለቃለሁ። ግን ቅር እንዳይለኝ፣ አንዴ ድምጿን ልስማው።»

ሁሉም በጨርቅ ወደተሸፈነው ሽቦ ቤት ዞሩ። አማቱ ብቻ አንገታቸውን ደፍተው ሹራባቸውን ይሠራሉ።

ሲርርር... ሲር... ሲርርርር!

«ወይኔ! እንዲህ ሆና አታውቅም፤ መሞቷ ነው!» አለች ሚስቱ እንባዋ እየወረደ።

«ነግሬህ ነበር እኮ፣ ልጄ» አሉ አማቱ፤ እጃቸውንም ለቁልፉ ዘረጉ።

አናጢው ቁልፉን ይዞ እጁን ወደ ኮቱ ኪስ መለሰና፣ ጉንጮቿ በሱፍ ፍሬ የተወጠሩትን፣ ከእንቅልፏ ገና የምትነቃውን ጉንጬን አውጥቶ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠላቸው።