ያልተፈታ ጭብጥ

አዛውንቱ የፈረስ አሰልጣኝ ኮርቻው ላይ ሆነው የልጓሙን ዛብ ሳብ እንዳደረጉ ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው፤ ጣቶቻቸው እንደጨበጡ ደረቁ፣ አንደበታቸውም ተዘጋ። ፈረሱ ግን ዛቡ እስኪላላ ድረስ ወደ ኋላ መራመድን ከእርሳቸው በብዙ ትዕግሥት የተማረ ነውና፣ በፍጹም ታዛዥነት ከኋላው ወዳለው ጥልቅ ቦይ ያፈገፍግ ጀመር።

«አባባ፣ ዛቡን ያላሉት እንጂ። እኔን ሲሆን ነው የሚቆጡት?» አለች ተማሪያቸው የሆነችው ልጃቸው፣ የሚቀልዱ መስሏት። ፊታቸውን ስታይ ሳቋ ጠፋ። ብትሮጥ ፈረሱ ይደነብራል፤ ስለዚህ እንዳስተማሯት ትንፋሿን ሰብስባ በእርጋታ ቀረበችና ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አላቀቀች። ፈረሱ ቦዩ አፋፍ ላይ ቆመ።

አሁን ደግሞ እጇን አጥብቀው ሊይዙ ፈለጉ፤ የተፈታው እጃቸው ግን አልጨብጥ አላቸው።