የቢራቱ ጓጉንቸር

ኅዳር ዘጠኝ፣ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ከአውሮፓ የመጣ የኤሌክትሪክ ባቡር ሊፈተን ነበር። ኩምሳ ከባቡሩ በላይ ባለው ሽቦ ፓወር ሊለቅ ማብሪያው ጋ ቆሟል። የባቡሩ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሁሉ፣ እንዳይበራ ስሙ ያለበትን ጓጉንቸር ማብሪያው ላይ ይቆልፋል፤ ሲወርድ ራሱ ይፈታል። አለዚያ ሰው ይቃጠላል።

ከጣሪያው የወረደው ባልደረባው ሰረቀብርሃን የራሱን ፈታ።

«በቃ ኩሜ፣ ሁላችንም ወርደናል። ወይስ በጸሎት ልታስነሳው ነው?»

አንድ ጓጉንቸር ግን ቀርቷል፤ የቢራቱ። ኩምሳ ወንድሙን ቢራቱን ባለፈው ሳምንት ሲቀብር፣ ከሟቹ ልብስ ጋር ኢገን ከተማ ወዳለው ቤቱ ወስዶ ያስቀመጠው ነው።

«ማነው እንዲህ የሚቀልደው?» አለና መቁረጫ አነሳ።

ከጣሪያው ላይ የቢራቱ ድምፅ መጣ።

«ኩሜ፣ ቆይ እንጂ! ገና አልወረድኩም።»

ሰረቀብርሃንም ቀና ብሎ አየ።

በዚያ ሽቦ እስከ ዛሬ ፓወር የለቀቀ የለም።