አድራሻ የሌለው ሕመም

ልብስ ሰፊዋ ሰው ትንቃለች ካላችሁኝ፣ አዎ ትንቃለች። የታመመውን ደግሞ አብልጣ ትንቃለች። ጎረቤት «ወገቤን» ካላት «ወገብ ያለው ሁሉ ያመዋል» ብላ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። ባሏ «ጉልበቴን» ያለ ቀን ግን የሰደበችውን ስድብ ለጠላትም አልመኘው።

«አልትራሳውንድ አዘዙልኝ» አላት።

«አልትራሳውንድ? ምነው፣ ጉልበትህ አረገዘ?»

እሱ ሳቀ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ዕድሜ ልኩን ከተሳፋሪ ጋር የዋለ ሰው ስድብ አይሞቀውም አይበርደውም። የሆድ ልጅ የሚታይበት አይደለም አላት፤ ሌላ ዓይነት ነው፣ የማይሰማ ድምፅ ወደ መገጣጠሚያው ይልካል፣ አጥንት ከአጥንት ሲፋተግ የሚመጣውን ሕመም ያስታግሳል፣ አሥር ጊዜ ብቻ ነው ብሎ አስረዳት። የማይሰማ ድምፅ የሚሰማው ሞኝ ብቻ ነው ብላ ዘጋችው።

ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ሲወጡ እሷ መደገፊያውን ይዛ ትቀድማለች፤ በየመታጠፊያው እየቆመች «ና እንጂ፣ አንተ ሽማግሌ» ትለዋለች። እሱ አሥር ኪሎውን ዱቄት ተሸክሞ እያነከሰ ይደርስባታል። መርፌ ሲወድቅባትም እሱ ነው ጠረጴዛው ሥር ገብቶ የሚለቅመው። ታዲያ ባል ለምን ይሆናል?

እንግዲህ ጥርጣሬው የገባት እንዲህ ነው። ሰኞ በቀኝ እግሩ አነከሰ። ረቡዕ በግራው። «አድራሻ የሌለው ሕመም» አለች በሆዷ። በዚያ ላይ ገና ቀጠሮ ለማስያዝ ወደ ክሊኒኩ የሚሄደው ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ሽቶ ነስንሶ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ እሷም ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ሽፍን ጫማ አደረገችና አብራው ሄደች።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ መጋረጃ፣ ሬዲዮ የምታክል አንዲት ማሽን። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ደግሞ ወጣት ናት፣ ስትስቅ ክፍሉ የሚበራ። ልብስ ሰፊዋ አንድ ጊዜ አየቻትና በቃት።

አንድ ልማድ አላት፤ ወደ ባሏ ገላ የሚሄድ ነገር ሁሉ በእሷ በኩል ያልፋል። የሳል መድኃኒቱን ቀድማ ትቀምሳለች፤ የሚታጠብበት ውሃ ውስጥ ቀድማ እጇን ትነክራለች። ስለዚህ ቀሚሷን ሰብስባ አልጋው ላይ ወጣች።

«መጀመሪያ እኔ ላይ» አለች።

ወጣቷ ባልዬውን አየችው። ባልዬው ጣሪያውን አየ። ይህችን ይህችን ልብስ ሰፊዋ ሳታያት ያለፈች እንዳይመስላችሁ።

ወጣቷ የልብስ ሰፊዋን ጉልበት አጥፋ፣ ዘርግታ፣ ዙሪያውን ተጫነችው፤ በግ የምትገዛ ነው የምትመስለው። ቀጥላ ንፍጥ የመሰለ ቀዝቃዛ ቅባት አፈሰሰችበትና የማሽኗን ብረት ታዞርበት ጀመር።

«በርቷል?»

«በርቷል፣ እማማ።»

«ምንም አይሰማኝም።»

«እንዲሰማዎት አይደለም የተሠራው።»

«አሃ፣ ሳይሠሩ መዋል እንዲህ ነው።»

የባሏ ሕመም ከእግር እግር ስለሚዞር ሁለተኛውንም ጉልበቷን አስፈተነች። ዘጠኝ ጊዜ እንደዚሁ ሆነ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ታይ ነበር፤ እሷን ሩብ ሰዓት ሲያሿት፣ የእሱ ተራ ሲደርስ ብረቷ ከደቂቃ አታልፍም። የቀረው ጊዜ ሹክሹክታ ነው። ለዚህ ነው የሚላጨው። ማሽኗማ ሰበብ ናት!

እቤትም አላረፈችም። ወጣቷ የእግር እንቅስቃሴ አዝዛ፣ አባባ ስለሚሰንፉ እርስዎ ይምሯቸው ብላታለች። ጠዋት ጠዋት እሷ ሃያ ጊዜ እግሯን ስታነሳ እሱ ሦስት አንስቶ ይተኛል። «ሬሳ» ትለዋለች፤ ሃያውን ግን አትተወውም፤ እልኸኛ ናት።

በዘጠነኛው ቀን ቅባቱን ልትጠርግ ወጥታ ስትመለስ ከመጋረጃው ወዲያ ሰማቻቸው።

«እስከ መጨረሻው እንዳይነግሯቸው» ትላለች ወጣቷ፤ «ካወቁ ሁሉም ነገር ይበላሻል።»

«አትስጊ» አላት ባልዬው፤ «በጭራሽ አትጠረጥርም።»

ልብስ ሰፊዋ ማታ ልብሷን በሻንጣ ከተተች። ነገ ጉዱን በአደባባይ ታወጣና እህቷ ቤት ትገባለች፤ አርባ ዓመት የቆየ ትዳር እዚያው ክሊኒክ ያበቃል። ሲያስነጥሰው ሰምታ ብርድ ልብስ ጣል አደረገችለት። ይኼን ግን ለማንም አልተናገረችም።

በአሥረኛው ቀን ሁለቱንም ጉልበቷን አሳሽታ እንደጨረሰች ከአልጋው ወረደችና ወጣች። የክሊኒኩ ኃላፊ ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን አንድም ቦታ ሳትቆም፣ መደገፊያም ሳትነካ ወጣችው፤ ንዴት ክንፍ ነው መቼም። ባሏ «ቀስ በይ፣ አንቺ ሴት» እያለ ከኋላዋ ሮጠ። ወጣቷም የሕክምና ካርዱን ይዛ ተከተለች።

«አዩት?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ኃላፊው ፊት ቆማ። «ሲሮጥ አላነከሰም። ይህ ሰውዬ ጉልበቱን አያመውም። ይህችም ታውቃለች። ሁለቱ የሚያደርጉትን እኔም አውቃለሁ።»

ኃላፊው ወጣቷን ምን ነገር ነው ብለው ጠየቁ። ወጣቷ ካርዱን አቀበለቻቸው። ባልዬው አሁንም ጣሪያውን ያያል።

«ካርዱን ያንብቡልኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ጮክ ብለው፤ ይስማ፣ ይፈር። ከዚያ በኋላ መሄጃዬን አውቃለሁ።»

ኃላፊው መነጽራቸውን አድርገው ካርዱን ገለጡ። አንዴ እሷን፣ አንዴ ካርዱን አዩ።

«የሁለቱም ጉልበት መገጣጠሚያ መሸርሸር» ብለው አነበቡ፤ «አሥር ጊዜ አልትራሳውንድ፣ ተጠናቋል። ታካሚ፦ ሴት፣ ዕድሜ ስልሳ አንድ፣ ሥራ ልብስ ሰፊ።»