አንድ ጉንጭ ውሃ

ፀጉር አስተካካዩ አባቷ ጉንጮቹን በውሃ ነፍቶ ፊቷ ተገተረ። ልጅቷ ነፍሷ ልትወጣ ደረሰች። በቤታቸው ሕግ የተናደደ ወላጅ አንድ ጉንጭ ውሃ ይይዛል፤ «አባታችን ሆይ»ን በልቡ ሳይጨርስ አይውጥም፣ ሳይውጥ ደግሞ ልጅ አይቀጣም። አትንኪያት የተባለችው የፀጉር መላጫ ቶንዶስ አሁንም እጇ ላይ ዝዝዝ ትል ነበር። ወንበሩ ላይ ትንሽ ወንድሟ፣ ግማሽ ራሱ እንደ እንቁላል ተልጦ፣ ግማሹ እንደ ጫካ ጎፍሮ፣ መስታወት እያየ ይፍለቀለቃል።

«አባዬ፣ አምሮብኛል አይደል?»

የአባቷ ጉንጭ ተንቀጠቀጠ። አንድ ጠብታ በአገጩ ወረደች፤ ከዚያ ውሃው ቡፍ ብሎ መስታወቱን አጠበው! ሦስቱም በሳቅ ፍርስ አሉ። ልጅቷ «ተረፍኩ!» ብላ በልቧ ጨፈረች።

አባቷ ግን አፉን ጠረገ። «ቅጣቱ አልቀረልሽም፣ የኔ ልጅ። ነገ ወንድምሽ ቤተክርስቲያን ከልጆቹ ጋር ሊዘምር ሲቆም ምን ይሉታል?»

«ሙሉውን እላጨዋለሁ!»

«ትላጪዋለሽ። ከሱ በፊት ግን እኔን...» አለና ትንሹን አውርዶ ራሱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ጨርቁንም አንገቱ ላይ አሰረ። ደንበኞች ሁሉ «እንደራስህ አድርገህ ቁረጠኝ» የሚሉትን ፀጉሩን በጣቱ አሳያት። «ከተሳቀም በእኔም በሱም ይሳቅ።»

ልጅቷ ቶንዶሷን ከኋላዋ ደበቀች። «አባዬ፣ በናትህ! እኔኑ ግረፈኝ!»

አባቷ ግን እጇ እንዲደርስ ብሎ ራሱን ዝቅ አደረገላት።